ከተርሚናል የዩዘር ፓስወርድ መቀየርና ሃሽ መሥራት፦ ራሳችሁን ሳትቆልፉ

«ፓስወርድ ቀየርኩ፣ ምንም ስህተት አላለኝም፣ ግን አላስገባ አለኝ።» ይህን ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። ወይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር። ወይ ሃሽ (ሲስተሙ በፓስወርዱ ፋንታ የሚያስቀምጠው፣ ተመልሶ ፓስወርድ የማይሆን የተመሳቀለ ጽሑፍ) በሚገባበት ቦታ ፓስወርዱ ራሱ ተጽፏል። ወይ ደግሞ ሼሉ (የምትጽፉትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ሃሹ ውስጥ ያሉትን የዶላር ምልክቶች በልቷቸዋል። ሦስቱም ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። ሰው የሚሸወደውም ለዚህ ነው።

መመሪያው ለሊነክስ ነው። ኡቡንቱንና ዴቢያንን ይዤ ጽፌዋለሁ። እነ ሬድ ሃትና ፌዶራ የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

## ትእዛዞቹን እንዴት ትተይባላችሁ

ትእዛዞቹን በድምፃቸው በፊደላችን ነው ያስቀመጥኳቸው። እናንተ ተርሚናሉ ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ። ኮፒ ፔስት እንዳታደርጉ ሆን ብዬ ነው። ከድረ ገጽ በተቀዳ ትእዛዝ ላይ አጭሩ ሰረዝ ረጅም ሰረዝ ሆኖ ይመጣል፣ ቀጥ ያለው ጥቅስም ይጠማዘዛል። ለዓይን ያው ናቸው። ሼሉ ግን አያውቃቸውም።

የምንጠቀምባቸው ስሞች እነዚህ ናቸው። በመሃላቸው ክፍት ቦታ የለም።

- ሱዶ፦ ኤስ ዩ ዲ ኦ (ከፊቱ የገባበትን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈጽማል)
- ፓስወድ፦ ፒ ኤ ኤስ ኤስ ደብሊው ዲ
- ሲኤችፓስወድ፦ ያው ፓስወድ፣ ከፊቱ ሲ እና ኤች ተጨምሮ
- ኤምኬፓስወድ፦ ያው ፓስወድ፣ ከፊቱ ኤም እና ኬ ተጨምሮ
- ቼጅ፦ ሲ ኤች ኤ ጂ ኢ
- ዩዘርሞድ፦ ዩ ኤስ ኢ አር ኤም ኦ ዲ
- ጌትኤንት፦ ጂ ኢ ቲ ኢ ኤን ቲ
- ኦፕንኤስኤስኤል፦ ኦ ፒ ኢ ኤን ኤስ ኤስ ኤል
- ሻዶው፦ ኤስ ኤች ኤ ዲ ኦ ደብሊው

ፓስወድ ላይ «ኦ» እና «አር» እንደሌሉ ልብ በሉ። ሙሉውን «ፓስወርድ» ብላችሁ ብትጽፉ ትእዛዙ አልተገኘም ይላችኋል። በምሳሌዎቹ ውስጥ የምንሠራበት ዩዘር «ቤቲ» ትባላለች። እናንተ በቦታው የራሳችሁን ዩዘር ስም አስገቡ።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው በኋላ ሰርቨሩ ደጅ ቆሞ የሚያንኳኳው።

ኪቦርዱን እዩ። ፓስወርድ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ ኮከብ እንኳ አይወጣም። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ፓስወርዳችሁ በግዕዝ ፊደል ይቀመጣል፣ እናንተም አታዩትም። ሁለቴ ስትጽፉት ሁለቱም አማርኛ ስለሆኑ ይመሳሰላሉ፣ ሲስተሙም «ተቀይሯል» ይላል። ነገ ከሌላ ኮምፒውተር ስትሞክሩት በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶው መስመር ላይ ጥቂት ፊደላትና ምልክቶች ጻፉ፣ በትክክል መውጣታቸውን እዩ፣ ከዚያ አጥፏቸው።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። በጀርመን ኪቦርድ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። በእንግሊዝ ኪቦርድ የ@ ምልክትና ድርብ ጥቅሱ ከአሜሪካው ተገላቢጦሽ ናቸው። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ቁልፍና ሲስተሙ የሚያነበው ቁልፍ አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

እግረ መንገዴን፦ በግዕዝ ፊደል ፓስወርድ ማውጣት ብልጠት ይመስላል። ለመግቢያ ፓስወርድ ግን አታድርጉት። ዴስክቶፑ ተበላሽቶ በጥቁሩ ስክሪን ብቻ መግባት ግድ ሲሆን አማርኛ የምትጽፉበት መንገድ አይኖርም።

ሁለተኛ ተርሚናል ክፈቱ። ሌላ መስኮት ከፍታችሁ «ሱዶ -አይ» በሉ። የመስመሩ መጨረሻ # ሲሆን ሩት (በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዩዘር) ሆናችኋል ማለት ነው። ይህን መስኮት እስከ መጨረሻው አትዝጉት፣ ምንም አትሥሩበት። የመጀመሪያው ቢበላሽ የምትመለሱት በዚህ በር ነው። ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነና ኢንተርኔታችሁ ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ከሆነ መስኮቱ አብሮ ሊሄድ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አስቀድማችሁ ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት በብራውዘር የሚሰጠውን ኮንሶል ሞክሩ፣ እንደሚሠራም እዩ።

ቅጂ ያዙ።

ሱዶ ሲፒ -ፒ /ኢቲሲ/ሻዶው /ሩት/ሻዶው.ባክ

«ሲፒ» ሲ እና ፒ ነው። «ኢቲሲ» ኢ ቲ ሲ፣ «ሩት» አር ኦ ኦ ቲ፣ «ባክ» ቢ ኤ ኬ ነው። ይህ ፋይል የሁሉም ዩዘር ሃሽ ስላለበት ሥራው ሲያልቅ እናጠፋዋለን።

## ደረጃ 2፦ የራሳችሁን ፓስወርድ መቀየር

1. «ፓስወድ» ብቻ ጻፉና ኢንተር ምቱ። ሱዶ አትጨምሩ።
2. የአሁኑን ፓስወርድ ሲጠይቅ ጻፉ።
3. አዲሱን ጻፉ።
4. አዲሱን ድገሙት።

ሱዶ አትጨምሩ ያልኩት ለወጉ አይደለም። «ሱዶ ፓስወድ» ብላችሁ ስም ሳትጽፉ ኢንተር ከመታችሁ የሚቀየረው የእናንተ ሳይሆን የሩት ፓስወርድ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሩት ሲጀመር ጀምሮ የተቆለፈ ነው። እናንተ ሳታውቁ ትከፍቱታላችሁ፣ የራሳችሁ ፓስወርድ ደግሞ እንደድሮው ይቀራል። ይህ ከደረሰባችሁ እንዲህ መልሳችሁ ቆልፉት፦

ሱዶ ፓስወድ -ኤል ሩት

አሁን ከሲስተሙ ሳትወጡ ፈትሹ። «ሱዶ -ኬ» በሉ፣ ይህ ሱዶ ያስታወሰውን ያስረሳዋል። ቀጥላችሁ «ሱዶ -ቪ» በሉ። አዲሱን ፓስወርድ ከተቀበለ ጨርሳችኋል። ካልተቀበለ ሁለተኛው ተርሚናል አለላችሁ።

## ደረጃ 3፦ የሌላ ዩዘር ፓስወርድ መቀየር

ሱዶ ፓስወድ ቤቲ

የድሮውን አይጠይቅም። አዲሱን ሁለቴ ጻፉ፣ አለቀ። ፓስወርዱ ደካማ ነው ብሎ ቢያጉረመርምም ሩት ስለሆናችሁ ብዙውን ጊዜ ይቀበላል። ስለዚህ «ተቀበለ» ማለት «ጠንካራ ነው» ማለት አይደለም።

እናንተ ያወጣችሁትን ፓስወርድ ቤቲ መጀመሪያ ስትገባ እንድትቀይረው ይህን ጨምሩ፦

ሱዶ ቼጅ -ዲ 0 ቤቲ

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤቲ የዴስክቶፕ ተጠቃሚ ከሆነች የብራውዘርና የዋይፋይ ፓስወርዶቿ የተቀመጡበት ቁልፍ መያዣ አሁንም የሚከፈተው በድሮው ፓስወርድ ነው። ሩት ሲቀይር መያዣው አብሮ አይቀየርም። ስትገባ የድሮውን የሚጠይቅ መስኮት ብቅ ሊል ይችላል። የድሮውን የምታስታውስ ከሆነ ራሷ በደረጃ 2 ብትቀይር ይሻላል።

አብዛኞቻችሁ የምትፈልጉት እዚህ ላይ ያበቃል። ሃሹን ፓስወድ ራሱ ይሠራዋል። የሚቀጥሉት ደረጃዎች ሃሹን በእጅ መሥራት ግድ ሲሆን ናቸው፦ ኡቡንቱን ያለ ሰው በራሱ እንዲጫን ስታዘጋጁ፣ በአንሲብል (ብዙ ሰርቨር በአንዴ የሚያዋቅር መሣሪያ ነው) ዩዘር ስትፈጥሩ፣ ወይም ፓስወርዱን ሳታውቁ ዩዘሩን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ስታዛውሩ።

## ደረጃ 4፦ ሃሹ የት እንዳለ ማየት

ሱዶ ጌትኤንት ሻዶው ቤቲ

አንድ መስመር ይወጣል። በሁለት ነጥብ ( : ) የተከፋፈሉ 9 ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ስም ነው፣ ሁለተኛው ሃሹ። ሌሎቹ የቀን ጉዳይ ናቸው፣ ለዛሬ ተዋቸው።

ሁለተኛው ክፍል የሚጀምርበትን እዩ፣ ሃሹ በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ ይነግራችኋል፦

- $6$ ከሆነ ሻ-512 ነው። በየትኛውም ዘመናዊ ሊነክስ ይሠራል።
- $ዋይ$ ከሆነ «የስክሪፕት» የሚባለው ዘዴ ነው። ዴቢያን ከ11፣ ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ሳይነግሯችሁ የሚጠቀሙት ይህን ነው።
- $5$ ከሆነ ሻ-256 ነው።
- $1$ ከሆነ ኤምዲ5 ነው። ያረጀና በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።
- ! ወይም * ከሆነ በፓስወርድ መግባት ዝግ ነው። ከ! በኋላ ሃሽ ካለ ፓስወርድ ነበረው፣ ተቆልፏል።
- ምንም ከሌለ አካውንቱ ፓስወርድ የለውም። ይህን ካያችሁ ቡናችሁን አስቀምጡና መጀመሪያ እሱን ዝጉት።

በዶላር ምልክት ሳይጀምር የሚነበብ ቃል፣ ለምሳሌ «ቤቲ2016» የሚል ካያችሁ፣ አንድ ሰው ሃሽ በሚገባበት ቦታ ፓስወርዱን ጽፏል። ቤቲ በዚያ ፓስወርድ መግባት አትችልም። ይባስ ብሎ ፓስወርዱ በግልጽ ተቀምጧል።

## ደረጃ 5፦ ሃሹን በእጅ መሥራት

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በአብዛኛው ሊነክስ ላይ የሚገኘው ነው፦

ኦፕንኤስኤስኤል ፓስወድ -6

ፓስወርዱን ሁለቴ ይጠይቃል፣ ከዚያ በ$6$ የሚጀምር ረጅም መስመር ያወጣል። ፓስወርዱን ከትእዛዙ ጎን አትጻፉት። ጎኑ ከጻፋችሁት ሼሉ በታሪክ ፋይሉ ይይዘዋል፣ ሰርቨሩ ላይ ያለ ሌላ ዩዘርም የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ሲዘረዝር ሊያየው ይችላል። ዝም ብላችሁ ኢንተር ምቱ፣ እሱ ይጠይቃችሁ።

6ቷን አትርሷት። ያለሷ የድሮው ኦፕንኤስኤስኤል ከፓስወርዳችሁ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ የሚያይ ጥንታዊ ሃሽ ያወጣል። ስሪት 3 ደግሞ ኤምዲ5 ያወጣል። ሁለቱም አይረቡም። «-6 አላውቅም» ካለ ኦፕንኤስኤስኤሉ ከ1.1.1 በፊት የነበረ ነው፣ በሁለተኛው መንገድ ሂዱ።

ሁለተኛው መንገድ ኤምኬፓስወድ ነው፦

ኤምኬፓስወድ -ኤም ሻ-512

«ሻ» ኤስ ኤች ኤ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ትእዛዙ ካልተገኘ «ሁይዝ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፦ ደብሊው ኤች ኦ አይ ኤስ። አዎ፣ የድረ ገጽ ባለቤት መፈለጊያው። ለምን እዚያ ውስጥ እንደገባ አትጠይቁኝ። በሬድ ሃት ወገን ግን በዚህ ስም ሌላ መሣሪያ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እሱ ሃሽ ሳይሆን የዘፈቀደ ፓስወርድ ነው የሚያወጣው። ውጤቱ በዶላር ካልጀመረ እሱ ነው፣ ተዉት። የስክሪፕት ከፈለጋችሁ በ«ሻ-512» ቦታ «የስክሪፕት» ብላችሁ ጻፉ፦ ዋይ ኢ ኤስ ሲ አር ዋይ ፒ ቲ።

የትኛውን ትምረጡ? ሃሹ በተሠራበት ማሽን ላይ ብቻ የሚቀር ከሆነ የስክሪፕት ይሻላል፣ ለሰባሪው ብዙ ሜሞሪ ስለሚያስወጣ። ወደ ሌላ ማሽን የሚሄድ ከሆነ $6$ን ምረጡ። ኡቡንቱ 18.04 እና ሴንትኦኤስ 7 በ$ዋይ$ የሚጀምረውን አያውቁትም። ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ግን ማንንም አያስገባም።

ሰው እዚህ ላይ የሚደናገጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አንዱን ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ሃሽ ብታደርጉ ሁለት የተለያየ ውጤት ይወጣል። ምንም አልተበላሸም። በየጊዜው የዘፈቀደ ፊደላት ይጨመርበታል፣ ሶልት ይሉታል፣ ጨው ማለት ነው። በ$6$ በሚጀምረው ሃሽ ውስጥ ጨዉ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዶላር መካከል ያለው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ፓስወርድ ቢያወጡም ሃሻቸው እንዳይመሳሰል የሚያደርገው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሻ512ሰም የሚባለው የፋይል መፈተሻ የሚያወጣው ነገር የፓስወርድ ሃሽ አይደለም። 128 ፊደል ነው፣ ጨው የለውም፣ ዶላር የለውም። ስሙ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ሻዶው ውስጥ ይከተዋል። አይሠራም።

ውጤቱን ለመፈተሽ ርዝመቱን ቁጠሩ። ኦፕንኤስኤስኤል የሚያወጣው በ$6$ የሚጀምረው ሃሽ 106 ፊደል ነው፦ 3 ለ$6$፣ 16 ለጨዉ፣ 1 ለዶላር፣ 86 ለሃሹ። ካነሰ ስትቀዱ ቆርጣችሁታል።

## ደረጃ 6፦ ሃሹን ቦታው ማስገባት

ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ይህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ብዙ ቦታ የምታዩት ትእዛዝ ዩዘርሞድ ከ-ፒ ጋር ነው፣ ከዚያ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ሃሹ። ድርብ ጥቅስ ውስጥ ሼሉ $ ሲያይ «ተለዋዋጭ ነው» ብሎ በዋጋው ይተካዋል። $6 የሚባል ነገር ስለሌለ በባዶ ይተካዋል። ቀጥሎ ያለውን ጨውም በባዶ ይተካዋል። ከሃሹም የመጀመሪያውን ክፍል፣ ነጥብ ወይም ስላሽ እስኪያገኝ ድረስ ይበላል። ከ106 ፊደል የተረፈው ቁራጭ ሻዶው ውስጥ ይገባል። ዩዘርሞድ አይቃወምም። እናንተም ተሳካ ብላችሁ ትወጣላችሁ።

እኔ ራሴ ይህን ያደረግኩት አርብ ከሰዓት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ፣ በራሴ አካውንት ነው። ሁለተኛ ተርሚናል አልከፈትኩም ነበር። ቅዳሜን እዚያው አሳለፍኩ።

ስለዚህ ሃሹን ለሼሉ ጨርሶ አታሳዩት። እንዲህ አድርጉ፦

1. «ሱዶ ሲኤችፓስወድ -ኢ» ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ምንም አይልም፣ ይጠብቃል።
2. ስሙን፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ሃሹን በአንድ መስመር ጻፉ ወይም ለጥፉ። መልኩ ቤቲ:$6$… ነው። በሁለት ነጥቡ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይኑር፣ ጥቅስም አይኑር።
3. ኢንተር ምቱ።
4. ኮንትሮል ይዛችሁ ዲ ምቱ። ጨርሻለሁ ማለታችሁ ነው።

የምትጽፉት በቀጥታ ለፕሮግራሙ ስለሚደርስ ዶላሩን የሚነካው የለም። በታሪክ ፋይሉም አይቀመጥም።

-ኢ «ይህ ሃሽ ነው» ማለት ነው። ሳትጨምሯት ብትቀሩ ሲኤችፓስወድ ያን 106 ፊደል እንደ ፓስወርድ ቆጥሮ እንደገና ሃሽ ያደርገዋል። ያኔ የቤቲ ፓስወርድ የሃሹ ጽሑፍ ራሱ ይሆናል። ጥፋቱን ለማወቅ በደረጃ 4 መስመሩን እዩ፦ ካስገባችሁት ሃሽ የተለየ ከሆነ -ኢን ረስታችኋል።

ዩዘርሞድን መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ፣ ስክሪፕት ውስጥ ለምሳሌ፣ ሃሹን በነጠላ ጥቅስ ክበቡት። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሼሉ ምንም አይነካም። አንሲብል ላይም እንዲሁ በነጠላ ጥቅስ ይሁን። ዶከር ኮምፖዝ (ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስነሳ መሣሪያ) ፋይል ውስጥ ግን ነጠላ ጥቅስም አያድናችሁም፣ እያንዳንዱን $ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጻፉ።

አስገብታችሁ ስትጨርሱ ሁልጊዜ በደረጃ 4 ተመልሳችሁ መስመሩን እዩ። በ$6$ ይጀምራል? ርዝመቱ ሙሉ ነው? ካልሆነ ድገሙት።

## ደረጃ 7፦ ብዙ ዩዘር በአንድ ጊዜ

የኮምፒውተር ላብ ይዛችሁ 40 ተማሪ ካላችሁ 40 ጊዜ ፓስወድ አትሉም። በየመስመሩ «ስም:ፓስወርድ» የያዘ ፋይል አዘጋጁ፣ ከመሙላታችሁ በፊት ፋይሉን ከእናንተ ሌላ ሰው እንዳያነበው በ«ሲኤችሞድ 600» (ሲ ኤች ኤም ኦ ዲ) ዝጉት፣ ከዚያ፦

ሱዶ ሲኤችፓስወድ < ፋይሉ

እዚህ ላይ -ኢ አትጨምሩ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ፓስወርድ እንጂ ሃሽ ስላልሆነ። የምትከፋፈሉትን ፓስወርድ ከራሳችሁ አትፍጠሩ፣ «ኦፕንኤስኤስኤል ራንድ -ቤዝ64 18» (ራንድ አር ኤ ኤን ዲ፣ ቤዝ ቢ ኤ ኤስ ኢ ነው) እያላችሁ 24 ፊደል ያለው የዘፈቀደ አውጡ። ያንን ለ9ኛ ክፍል ተማሪ መስጠት ጭካኔ ነው ካላችሁ ቁጥሩን ወደ 9 አውርዱት፣ 12 ፊደል ይወጣል።

ወጥመዱ ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ ማዘጋጀት ነው። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይጨምራል፣ ምልክቱም የፓስወርዱ አካል ይሆናል። ከዚያ 40ውም ተማሪ «እንቢ አለኝ» ይላችኋል። ከማስገባታችሁ በፊት ፋይሉን በ«ካት -ኤ» (ካት ሲ ኤ ቲ ነው) እዩት፣ ኤዋ ትልቋ ነች። በየመስመሩ መጨረሻ ከ$ በፊት ^ኤም ከታየ በ«ዶስ2ዩኒክስ» አጽዱት፦ ዲ ኦ ኤስ 2 ዩ ኤን አይ ኤክስ።

አንድ መስመር ላይ ስህተት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ሌሎቹ ግን ተቀይረው ሊሆን ስለሚችል «ስህተት ስላለ ምንም አልተነካም» ብላችሁ አትደምድሙ።

## ደረጃ 8፦ በትክክል መሞከር

«ሱ - ቤቲ» (ሱ ኤስ ዩ ነው፣ ወደ ሌላ ዩዘር ያሻግራል) ብላችሁ ገባችሁ፣ ሠራ አላችሁ። ሩት ሆናችሁ ነው የሞከራችሁት? ሩት ፓስወርድ አይጠየቅም። ምንም አልፈተሻችሁም።

ከተራ ዩዘር ተነሱ፦

1. «ሁአምአይ» በሉ፣ ደብሊው ኤች ኦ ኤ ኤም አይ። ሩት ካለ ከዚህ ተርሚናል ውጡና ሌላ ክፈቱ።
2. «ሱ - ቤቲ» በሉ።
3. ፓስወርድ መጠየቁን እዩ፣ ጻፉ።

በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያው) ስትሞክሩ ደግሞ በቁልፍ ፋይል ገብታችሁ እንዳይሆን። ፓስወርድ ሳይጠይቃችሁ ካስገባ ቁልፉ ነው ያስገባችሁ። በተቃራኒው ሱ ተቀብሎ ኤስኤስኤች እምቢ ካለ፣ ፓስወርዱ ደህና ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ በፓስወርድ መግባትን ዘግቶ ነው።

ይኸው ነገር ሰው ስታግዱም ይመጣል። «ፓስወድ -ኤል» ፓስወርዱን ብቻ ነው የሚቆልፈው። ሥራ የለቀቀው ሰው የኤስኤስኤች ቁልፍ ካለው እንደልቡ ይገባል። አካውንቱን ለመዝጋት «ሱዶ ቼጅ -ኢ 1 ቤቲ» ጨምሩ፣ እዚህ ኢዋ ትልቋ ነች።

## እምቢ ሲል

«ኦተንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር» ካለ። ስሙ ያስፈራል፣ ትርጉሙ «ፓስወርዱን መቀየር አልቻልኩም» ነው። በቅደም ተከተል እነዚህን እዩ። የአሁኑን ፓስወርድ ተሳስታችሁ ይሆናል። ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል፣ በ«ዲኤፍ -ኤች» እዩ። ወይም ሲስተሙ የተከፈተው ለንባብ ብቻ ነው፣ እሱ በሪከቨሪ ሞድ የተለመደ ነው።

ዩዘሩ የለም ካለ፣ ግን ሰውየው በየቀኑ እየገባ ከሆነ። አካውንቱ በዚህ ማሽን ላይ አይደለም፣ ከመሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ ዳይሬክተሪ ነው የሚመጣው። እዚህ ሻዶው ላይ ብትለፉ ዋጋ የለውም።

ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ግን አያስገባም። ደጋግማችሁ ተሳስታችሁ ከሆነ ጊዜያዊ እገዳ ሊሆን ይችላል። ፌይልሎክ (ኤፍ ኤ አይ ኤል ኤል ኦ ሲ ኬ፣ ደጋግሞ የተሳሳተን የሚያግደው) በተከፈተባቸው ሲስተሞች ካልተነካ 3 ስህተት ለ10 ደቂቃ ያግዳል። «ሱዶ ፌይልሎክ --ዩዘር ቤቲ --ሪሴት» (ዩዘር ዩ ኤስ ኢ አር፣ ሪሴት አር ኢ ኤስ ኢ ቲ) ያነሳዋል። እገዳም ካልሆነ «ሱዶ ቼጅ -ኤል ቤቲ» ብላችሁ አካውንቱ ቀኑ አልፎበት እንደሆነ እዩ።

ሻዶውን በእጅ ከፍታችሁ አበላሽታችሁት ከሆነ። በሁለተኛው ተርሚናል ቅጂውን መልሱ፦

ሲፒ -ፒ /ሩት/ሻዶው.ባክ /ኢቲሲ/ሻዶው

ለወደፊቱ በእጅ ማረም ግድ ከሆነ በተራ ኤዲተር ሳይሆን በ«ቪአይፒደብሊው -ኤስ» ክፈቱት። ሌላ ፕሮግራም በዚያው ሰዓት እንዳይጽፍበት ይቆልፈዋል።

## ጭራሽ ከተቆለፋችሁ

ማሽኑ አጠገባችሁ ካለ ኡቡንቱ ላይ እንዲህ ትመለሳላችሁ፦

1. አጥፍታችሁ አብሩ። ሲነሳ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ። በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ኤስኬፕን አንዴ ምቱ፤ ስትደጋግሙት ሜኑውን አልፎ ወደ ግሩብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ትእዛዝ መስመር ይወስዳችኋል።
2. ከሚመጣው ሜኑ የላቁ አማራጮችን፣ ከዚያ ሪከቨሪ ሞድን ምረጡ።
3. ሩት ሼል የሚለውን ምረጡ።
4. «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» (ማውንት ኤም ኦ ዩ ኤን ቲ፣ ሪማውንት ያው ከፊቱ አር እና ኢ ተጨምሮ) ብላችሁ ዲስኩን ለመጻፍ ክፈቱ። ይህን ከዘለላችሁ ያ የሚያስፈራው ስህተት ይመጣል።
5. «ፓስወድ» ከዚያ ስማችሁን ጻፉ፣ አዲሱን ሁለቴ አስገቡ።
6. «ሲንክ» (ኤስ ዋይ ኤን ሲ)፣ ቀጥሎ «ሪቡት» (አር ኢ ቢ ኦ ኦ ቲ)።

የሩትን ፓስወርድ ቀድማችሁ አውጥታችሁ ከነበረ እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥር 3 ላይ ይጠይቃችኋል። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ደግሞ የዲስኩ መክፈቻ ሌላ ፓስወርድ ነው፣ በዚህ መንገድ አይታለፍም።

## ከመውጣታችሁ በፊት

ጥርጊያውን አትርሱ። /ሩት/ሻዶው.ባክን አጥፉ። የ40ውን ተማሪ ፓስወርድ የያዘውን ፋይል አጥፉ፣ ከመጣበት ፍላሽም ላይ። ተሳስታችሁ ፓስወርድ ትእዛዝ መስመር ላይ ጽፋችሁ ከሆነ «ሂስትሪ» (ኤች አይ ኤስ ቲ ኦ አር ዋይ) ብላችሁ የመስመሩን ቁጥር ፈልጉ፣ «ሂስትሪ -ዲ» ከዚያ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሰርዙት፣ ፓስወርዱንም ሌላ ሰው አይቶታል ብላችሁ ቀይሩት። ሁለተኛውን ተርሚናል መዝጋት የምትችሉት አሁን ነው።